የዋንሎክሄድ መንደር በዚያ ከፍታ ላይ ለምን ተቆረቆረ?

የጠያቂያችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «በስኮትላንድ ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚገኘው መንደር ዋንሎክሄድ እንደሆነ አነበብሁ። ካርታ ላይ ስፈልገው ግን ታላላቆቹ ተራሮች ባሉበት በሰሜን ሳይሆን በደቡብ፣ ከእንግሊዝ ድንበር ብዙም ሳይርቅ አገኘሁት። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ከባሕር ወለል በላይ 467 ሜትር ያህል መሆኑ ለእኔ ለደጋ ተወላጅ ከፍታ ባይመስለኝም፣ እዚያ ላይ መንደር የቆረቆረው ሰው ምን ፈልጎ ነው? ማዕድን ቆፋሪዎች ያቋቋሙት ጥንታዊ ቤተ መጻሕፍት አለ የሚባለውስ እውነት ነው?»

ሦስቱም ጥያቄዎች የሚያደርሱት ወደ አንድ ነገር ነው፤ እርሱም እርሳስ ነው። የምንጽፍበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም፤ ለጥይት፣ ለውሃ ቧንቧና ለጣሪያ ክዳን ሲያገለግል የኖረውን ከባድና ለስላሳ ብረት ማለቴ ነው። መንደሩ የቆመበት ቦታ፣ የቤቶቹ አሠራር፣ የባቡር ሐዲዱ፣ የቤተ መጻሕፍቱም ጭምር ከዚህ ማዕድን ተነጥለው ሊገለጹ አይችሉም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ከፍታው ላስረዳ። የተራራ ከፍታና የመንደር ከፍታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሰሜናዊው የስኮትላንድ ተራራማ ምድር፣ ሃይላንድስ በሚባለው፣ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከሥሩ ያለችው የፎርት ዊልያም ከተማ ግን የተቀመጠችው በባሕር ዳርቻ ነው። በዚያ አገር ሰው የሚኖረው በሸለቆ ውስጥና በውሃ ዳር እንጂ በተራራ ላይ አይደለም፤ በሃይላንድስ ከፍ ብለው ከሚገኙት መንደሮች አንዱ የሆነው ቶሚንቱል እንኳ 345 ሜትር ያህል ላይ ነው። ምክንያቱ እርሻ ነው። ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር እህል የሚበቅልበት የከፍታ ጣሪያ እየወረደ ይመጣል። ዋንሎክሄድ ከ55 ዲግሪ ሰሜን በላይ ስለሚገኝ፣ አዲስ አበቤ ቆላ የሚለው 467 ሜትር እዚያ ዛፍ የሌለበት፣ አጃ እንኳ በወጉ የማይደርስበት፣ ክረምቱ በበረዶና በነፋስ የሚከብድ ቦታ ነው። በእርሻ የሚተዳደር ገበሬ እዚያ ላይ መንደር ለመሥራት ምንም ምክንያት አልነበረውም። ስለዚህ ከገበሬው ጣሪያ በላይ መንደር ስናገኝ ምክንያቱን ከመሬቱ በታች መፈለግ ይገባናል።

ቦታው ላውዘር በሚባሉ ኮረብቶች መካከል ነው። እነዚህ ኮረብቶች ሳውዘርን አፕላንድስ ተብሎ የሚጠራው ደቡባዊ ከፍተኛ ምድር ክፍል ሲሆኑ፣ ከሰሜኖቹ ሾጣጣና ገደላማ ተራሮች በተለየ ጀርባቸው ክብ፣ ልብሳቸው ሣርና ሄዘር የሚባለው አጭር ቁጥቋጦ ነው። ከመካከላቸው ከፍተኛው ግሪን ላውዘር 732 ሜትር ነው። ከእርሱ ጥቂት ዝቅ በሚለው በላውዘር ሂል አናት ላይ ዛሬ የአውሮፕላን በረራ መቆጣጠሪያ ራዳር ነጭ ድብልብል ሆኖ ከሩቅ ይታያል። የመንደሩ ስም ራሱ ጂኦግራፊውን ይናገራል፤ «ሄድ» ማለት ራስ ነው፤ ዋንሎክሄድም ዋንሎክ የተባለው ጅረት ራስ፣ ውሃው የሚነሣበት ቦታ ማለት ነው።

ይህ ጅረት ወደ ሰሜን ምዕራብ ወርዶ ከክሮዊክ ጋር ይቀላቀልና ወደ ኒዝ ወንዝ ይገባል፤ ኒዝም በደምፍሪስ ከተማ አልፎ በስኮትላንድና በእንግሊዝ መካከል ወዳለው የሶልዌይ ባሕረ ሰላጤ ይፈሳል። ከመንደሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከአንዲት ኮርቻ መሳይ ከፍታ ማዶ፣ እኅት መንደሩ ሌድሂልስ አለ። የሌድሂልስ ውሃ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ግሌንጎናር በተባለ ጅረት ወደ ክላይድ ወንዝ ወርዶ በግላስጎው ያልፋል። በዚያች ኮርቻ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ግማሹ ወደ ደቡብ፣ ግማሹ ወደ ግላስጎው ይጓዛል ማለት ነው። የአስተዳደር ወሰኑም ይህንኑ የውሃ መለያ ተከትሎ ስለተሰመረ፣ በእግር ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ርቀት ያላቸው ሁለት መንደሮች ዋንሎክሄድ በደምፍሪስና ጋሎዌይ፣ ሌድሂልስ ደግሞ በደቡብ ላናርክሻየር ተመድበዋል። የመሬቱም ባለቤቶች የተለያዩ ነበሩ፤ የዋንሎክሄድ መሬት የኩዊንስቤሪ መሳፍንት ሲሆን በ1810 በውርስ ወደ በክሉ መሳፍንት ተላልፏል፤ የሌድሂልስ መሬት ግን የሆፕተን ቤተሰብ ነበር። ይህ የባለቤትነት ነገር ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን በልብዎ ያኑሩት።

አሁን ወደ መሬቱ ውስጥ እንግባ። የእነዚህ ኮረብቶች ዓለት ከ440 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ በጥልቅ ባሕር ወለል ላይ የተከማቸ አሸዋና ጭቃ ነው። በዚያ ዘመን ዛሬ ስኮትላንድና እንግሊዝ የሆኑትን ምድሮች ኢያፔተስ የሚባል ውቅያኖስ ይለያቸው ነበር። ውቅያኖሱ ሲዘጋና ምድሮቹ ሲጋጠሙ፣ በወለሉ ላይ የነበረው ዝቃጭ እንደ ምንጣፍ ተጨማድዶና ተነባብሮ ወደ ላይ ወጣ፤ ሳውዘርን አፕላንድስ ይህ ጭምድድ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ በዓለቱ ውስጥ በተሰነጠቁ ቀጫጭን ክፍተቶች ማዕድን የሟሟበት ትኩስ ውሃ ሲያልፍ፣ እየቀዘቀዘ በስንጥቆቹ ግድግዳ ላይ ጋሌና የሚባለውን የእርሳስና የድኝ ውሁድ፣ ከእርሱም ጋር የዚንክ ማዕድን አስቀመጠ። ቆፋሪዎቹ «የማዕድን ሥር» የሚሉት በእንዲህ ያለ ሁኔታ የተሞላ ስንጥቅ ነው፤ በአንድ ቦታ የእጅ መዳፍ ያህል ቀጥኖ በሌላ ቦታ ሰው ቆሞ የሚሠራበት ያህል ይሰፋል፤ ወደ ታች ግን ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ ይወርዳል። ሥሮቹ ዋንሎክሄድንና ሌድሂልስን አካትተው በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ታጭቀው ይገኛሉ። ይህ ስፍራ ለማዕድን ተመራማሪዎች ያለውን ክብር ለማወቅ፣ ሌድሂላይት፣ ላናርካይትና ካሌዶናይት የተባሉት ማዕድናት በዓለም ላይ መጀመሪያ የተለዩት እዚሁ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ሰውን መጀመሪያ ወደዚህ የሳበው ግን እርሳስ ሳይሆን ወርቅ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን በእነዚህ ጅረቶች አሸዋ ውስጥ ወርቅ ይታጠብ ነበር፤ አካባቢውም «በስኮትላንድ ያለ የእግዚአብሔር ግምጃ ቤት» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ዛሬ በኤደንብራ ግንብ የሚታየውና በ1540 ለንጉሥ ጄምስ አምስተኛ እንደገና የተሠራው የስኮትላንድ ዘውድ ከዚህ አካባቢ የወጣ ወርቅ እንዳለበት ይነገራል። ወርቅ አጣቢ ግን ዘላቂ መንደር አይሠራም፤ በበጋ መጥቶ ድንኳኑን ይተክላል፣ በረዶ ሲጥል ይወርዳል። እርሳስ ግን የተለየ ነገር ይጠይቃል። ጉድጓዱን ክረምት ከበጋ ካልጠበቁት በውሃ ይሞላል፤ ማዕድኑ መፈጨት፣ መታጠብ፣ መቅለጥ አለበት። ለዚህም ሁሉ በቦታው የሚኖር፣ ሙያውን ከአባቱ የሚማር ሕዝብ ያስፈልጋል። በ1680 ገደማ በዋንሎክሄድ ማቅለጫና የሠራተኛ ጎጆዎች ሲሠሩ ቋሚው መንደር ተጀመረ።

በኋላ የተለያዩ ኩባንያዎች መሬቱን ከመስፍኑ እየተከራዩ ቆፈሩ፤ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከእነዚህ አንዱ የኩዌከር እምነት ተከታዮች የነበሩበት የለንደኑ የእርሳስ ኩባንያ ነበር። ቤቶቹ ዛሬም እንደሚታየው በመስመር የተሠሩ አይደሉም። ቆፋሪዎቹ በተፈቀደላቸው ቦታ ላይ ጎጆ እየሠሩ፣ በአጠገቧም ትንሽ መሬት አጥረው ድንች እየተከሉ፣ የቻለም ላም እያረባ ስለኖሩ፣ ጎጆዎቹ በኮረብታው ጎን ላይ ወዲያና ወዲህ ተበታትነው ይገኛሉ። ማገዶ የሚሆን ዛፍ ስለሌለ፣ ከረግረጉ መሬት የበሰበሰ ሣር የተጠራቀመበትን ጥቁር አፈር እንደ ጡብ ቆርጠውና አድርቀው ያነዱ ነበር። ገጣሚው ሮበርት በርንስ በክረምት በዚህ ሲያልፍ ፈረሱ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ ስላስቸገረው፣ በዋንሎክሄድ ቀጥቃጭ ቤት በፈረሱ ጫማ ላይ ሹል ሚስማር እስኪመታለት ድረስ መንገዱን መቀጠል አልቻለም ነበር። ይህ የ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው።

ስለ ውሃ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ የዚህን መንደር ታሪክ ውሃን ሳያውቁ የሚረዱት አይመስለኝም። ውሃ ለቆፋሪው ጠላትም አገልጋይም ነበር። ሥሩ ወደ ታች ስለሚወርድ ቆፋሪው ተከትሎ በወረደ መጠን ውሃ ከየስንጥቁ እየፈሰሰ ጉድጓዱን ይሞላል። የመጀመሪያው መፍትሔ ከሸለቆው ግርጌ ወደ ሥሩ አግድም ዋሻ መፈልፈልና ውሃው በራሱ እንዲወጣ ማድረግ ነው፤ ከዋሻው ወለል በታች ግን ውሃው ተስቦ መውጣት አለበት። እዚህ ላይ የድንጋይ ከሰል ከሩቅ በጋሪ እየተጫነ ስለሚመጣ በእንፋሎት ሞተር መሥራት ውድ ነበር፤ ቢሆንም ኩባንያው ሞክሮታል። በ1764 በሌድሂልስ የተወለደው ዊልያም ሲሚንግተን ከወንድሙ ጋር በዋንሎክሄድ የውሃ መሳቢያ የእንፋሎት ሞተር በመትከል ሙያውን ተማረ፤ በ1788 ደግሞ ከደምፍሪስ በስተሰሜን ባለው በዳልስዊንተን ሐይቅ ላይ በእንፋሎት የምትሄድ ጀልባ አንቀሳቀሰ፤ በ1803 ሻርሎት ዳንዳስ የተባለችው ጀልባው በቦይ ላይ ሁለት ጭነት ጀልባዎችን ጎተተች። የእንፋሎት መርከብ ታሪክ ሲነገር ይህ የኮረብታ ጉድጓድ መዘንጋት የለበትም ብዬ አምናለሁ፤ ሲሚንግተን ሞተርን ያወቀው ባሕር በማይታይበት በዚህ ቦታ ነውና።

ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካው ግን በመንደሩ ውስጥ ስትሬትስቴፕስ በተባለው ጉድጓድ አፍ ላይ ዛሬም የቆመው መሣሪያ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ በውሃ ክብደት የሚሠራ የዚህ ዓይነት መሣሪያ በብሪታንያ በቦታው ሳለ የተረፈው እርሱ ብቻ ነው። አሠራሩ ሚዛንን ይመስላል። ከድንጋይ በተሠራ ምሰሶ ላይ ረጅም ግንድ በመካከሉ ታዝሎ ይቀመጣል። በአንዱ ጫፉ ትልቅ ባልዲ፣ በሌላው ጫፉ ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው የፓምፕ ዘንግ ተንጠልጥሏል። ከኮረብታው በቦይ የሚመጣ ውሃ ባልዲውን ሲሞላው ባልዲው ይወርዳል፤ በሌላው በኩል ያለው ዘንግ ይነሣና የጉድጓዱን ውሃ ይስባል። ባልዲው ግርጌ ሲደርስ መዝጊያው ተከፍቶ ውሃው ይፈስሳል፤ ባዶው ባልዲ በዘንጉ ክብደት ተመልሶ ይወጣል፤ እንደገናም ይሞላል። ከሰል የለም፣ እሳት የለም፤ ከላይ የወረደው ውሃ ከታች ያለውን ውሃ ያወጣል። ነዳጅ በሌለበት፣ ዝናብ ግን በማያልቅበት ኮረብታ ላይ የኖሩ ሰዎች ካደረጉት ሁሉ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

የወጣው ማዕድን ተፈጭቶ በውሃ ይታጠባል፤ ጋሌና ከባድ ስለሆነ ከሥር ይቀራል፣ ቀላሉ ድንጋይ ይጠረጋል። ከዚያ ድኙ ተቃጥሎ እስኪወጣ ድረስ በማቅለጫው ይጋገራል። ጭሱ መርዝ ነው። ለዚህም ነው በእርሳስ አካባቢዎች ጭሱን ከሰው ለማራቅ በኮረብታ ጎን ረጃጅም የጭስ መውጫ ቦዮች የተሠሩት። ቢሆንም መርዙ በሣሩ ላይ ስለሚያርፍ ከብት ይጎዳ ነበር፤ በማቅለጫው የሚሠራውም ሰው በጤናው ይከፍል ነበር። ፔትስ ኖውስ የተባለው የማቅለጫ ፍርስራሽ ከመንደሩ ወረድ ብሎ ዛሬም ይታያል። የቀለጠው እርሳስ በጥፍጥፍ እየሆነ በጋሪ ወደ ኤደንብራ ወደብ ወደ ሊዝ ይጓጓዝ ነበር፤ ከዚያም ወደ ሆላንድ በመርከብ ይላካል።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጥያቄ ልምጣ። አዎን፣ እውነት ነው። በሌድሂልስ በ1741፣ በዋንሎክሄድ ደግሞ በኖቬምበር 1756 ሠራተኞቹ ራሳቸው በመዋጮ የሚተዳደር የንባብ ማኅበር አቋቋሙ። የዋንሎክሄዱ ማኅበር ስሙ «መጻሕፍት የሚገዛ ማኅበር» ነበር፤ መሥራቾቹም 32 ወንዶች ነበሩ። አባሉ ሲገባ የመግቢያ፣ ከዚያም በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፤ የሚገዛው መጽሐፍ በአባላት ይመረጣል፤ መጽሐፍ ያበላሸ ይቀጣል። መጀመሪያ ላይ ስብከትና ሃይማኖታዊ መጻሕፍት በብዛት ነበሩ፤ ቀስ በቀስ ታሪክ፣ የጉዞ ታሪክ፣ የሳይንስና የልብ ወለድ መጻሕፍት ገቡ።

ለምን እዚህ? ሰዎች ብዙውን ጊዜ «ክረምቱ ረጅም ስለነበረ» ይላሉ። ይህ ግን በቂ አይመስለኝም፤ ክረምት በሃይላንድስም ረጅም ነው። ዋናው ምክንያት የሥራው አደረጃጀት ነው ብዬ አስባለሁ። ቆፋሪዎቹ የቀን ሙያተኛ አልነበሩም፤ ጥቂት ሆነው በቡድን ይደራጁና «ይህን ያህል ርቀት እንቆፍራለን» ወይም «ይህን ያህል ማዕድን እናወጣለን» ብለው ከሥራ መሪው ጋር በዋጋ ይዋዋላሉ። ሒሳቡ የሚዘጋው ከብዙ ወራት በኋላ ስለሆነ እስከዚያው ድረስ ቅድሚያ እየወሰዱ ይኖራሉ። እንዲህ ያለ ውል መለካትን፣ ማስላትን፣ የተጻፈ ነገር ማንበብን ግድ ይላል። በተጨማሪም የሌድሂልሱን ኩባንያ ከ1730ዎቹ ጀምሮ እስከ 1770 የመራው ጄምስ ስተርሊንግ ነበር፤ በሒሳብ ትምህርት የስተርሊንግ ቀመር የሚባለውን የሚያውቁ ሰዎች ይህ ሰው እርሱ ራሱ መሆኑን ሲሰሙ ይገረማሉ። በእርሱ ዘመን የሌድሂልስ ቆፋሪ የሚሠራው በቀን ስድስት ሰዓት ብቻ ነበር። ሥራው ከባድ፣ አየሩም መጥፎ ስለሆነ ሰዓቱ ማጠሩ ጤናን ይጠብቃል፤ የተረፈው ሰዓት ደግሞ ለድንች ማሳውና ለመጽሐፉ ይውላል። የዋንሎክሄድ ሰዎች በኮርቻው ማዶ ያለውን ምሳሌ እያዩ ከ15 ዓመት በኋላ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በትምህርት ቤቱም ላይ ውጤቱ ይታይ ነበር፤ በ1803 በዚህ መንገድ ያለፈችው እንግሊዛዊት ጸሐፊ ዶረቲ ወርድስወርዝ ከዋንሎክሄድ ልጆች ጋር ተገናኝታ፣ ላቲንና ግሪክኛ እንደሚማሩ ከአፋቸው ሰምታ ጽፋለች።

ይህ የማንበብ ልማድ ራሱን የሚያከብር ሕዝብ እንዳፈራ የሚያሳየው የ1843ቱ የቤተ ክርስቲያን መከፋፈል ነው። በዚያ ዓመት ከስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ቀሳውስትና ምእመናን ተለይተው ነፃ ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ፤ የክርክሩ ሥር ቄሱን ማን ይመርጣል፣ ባለ ርስቱ ወይስ ምእመናኑ የሚለው ነበር። ከዋንሎክሄድ ብዙ ሰው ወደ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ቀደም ሲል ያነሣሁት ባለቤትነት እዚህ ላይ ይመጣል፦ መሬቱ ሁሉ የበክሉ መስፍን ስለነበረ፣ እርሱም ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያን መሥሪያ ቦታ ስለከለከለ፣ ምእመናኑ ለዓመታት በሜዳ ላይ፣ በዝናብና በበረዶ እያመለኩ ቆዩ። የቦታ ክልከላው ነገር እስከ ለንደን ፓርላማ ደርሶ በ1847 በኮሚቴ ተመርምሯል። እነዚህ ሰዎች የሚኖሩበት ጎጆ ያረፈው በዚያው መስፍን መሬት ላይ እንደነበረ ሲያስቡት የድፍረታቸው መጠን ይገባዎታል።

የባቡሩ ታሪክ አጭር ነው። ከኤልቫንፉት ተነሥቶ በሌድሂልስ በኩል የሚወጣው ቀላል ሐዲድ በ1902 ዋንሎክሄድ ደረሰ፤ ከፍተኛ ነጥቡ 456 ሜትር ያህል በመሆኑ በብሪታንያ መደበኛ ስፋት ካላቸው ሐዲዶች ሁሉ ከፍ ያለው ነበር። እርሳሱ ሲያልቅበት ግን የሚጭነው አልነበረም፤ የእርሳስ ዋጋ ወርዶ ማዕድኑ በ1930ዎቹ ሲዘጋ ባቡሩም በ1938 መጨረሻ ቆመ። በ1950ዎቹ ጉድጓዶቹን እንደገና ለመክፈት የተደረገው ሙከራ አልዘለቀም።

ስለዚህ ጠያቂያችን ሄደው ማየት ከፈለጉ፣ ዛሬ የሚያገኙት ጥቂት ነዋሪዎች ያሉት ጸጥ ያለ መንደር ነው። ከግላስጎው በኩል ሲመጡ ከአቢንግተን ወጥተው በሌድሂልስ ያልፋሉ፤ ከደምፍሪስ በኩል ከሆነ ደግሞ በሜኖክ ጠባብ ሸለቆ ይወጣሉ፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ሸለቆው እየጠበበ ሄዶ በድንገት ሲከፈት የመንደሩ ቦታ ምን ያህል ከእርሻ ምድር እንደተነጠለ በግልጽ ይታያል። በመንደሩ የእርሳስ ማዕድን ሙዚየም አለ፤ ሎክኔል የተባለውን አሮጌ አግድም ዋሻ ከአስጎብኚ ጋር ገብቶ ማየት ይቻላል፤ በ1984 የተከፈተው ከባሕር እስከ ባሕር የሚዘልቀው የሳውዘርን አፕላንድ የእግር መንገድም በመንደሩ መካከል ያልፋል። ሙዚየሙ በክረምት ስለሚዘጋ ጉዞዎን በሞቃቱ ወራት ያድርጉት። ከዋሻው በፊት ግን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይግቡ። ቤቱ በ1850 የተሠራ ነው፤ ከመሥራቾቹ ዘመን ጀምሮ የተገዙት መጻሕፍትም እስከ ዛሬ በመደርደሪያው ላይ አሉ።